ጋሼ ጠበቃ አገኘ

ሰኞ 4

ጋሼ አልተመለሰም።

ጠዋት ሁለት ፖሊሶች መጥተው «ቃልህን ሰጥተህ ትመለሳለህ» አሉት። ፊቱን እንኳ በቅጡ ሳይታጠብ ተከተላቸው። እማዬ ምሳውን በሳህን ከድና ጠበቀችው። ምሳው እራት ሆነ። አሁን መሽቷል፣ ሳህኑ እንደተከደነ ነው።

የፉጨት አፈር ገና አልደረቀም።

ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። ቤቱ ውስጥ የሚያወራ ሰው ስለጠፋ ይሆናል። ሦስት ወንድማማቾች ነበርን። ጋሼ ትልቁ፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገን እሱ ነው። ፉጨት መካከለኛው፤ ሥራ ላይ ሲያፏጭ ስለሚውል ነው ስሙ የወጣለት። በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው እማዬ ብቻ ነበረች። እኔ ትንሹ። ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እማዬ ነን።

ማክሰኞ 5

ጣቢያ ሄድን። ፖሊሱ «ክሱ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው» አለ።

«ማንን ነው የገደለው?» አለች እማዬ።

ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። «ልጅሽን» ማለት ከብዶት ይመስለኛል «ሟችን» አላት።

ጋሼ የመወጣጫ ፎርማን ነው። ፎቅ ሲሠራ ለሳኞችና ቀለም ቀቢዎች የሚቆሙበትን የብረት ቱቦና ጣውላ የሚያቆመው፣ የሚያፈርሰው፣ «ውጡ» ወይም «አትውጡ» የሚለው እሱ ነው። ፉጨት ግድግዳ የሚለስን ለሳኝ ነበር። እዚያው ሳይት፣ ጋሼ ባቆመው መወጣጫ ላይ ነው የሚሠራው። ከሦስተኛው ፎቅ ነው የወደቀው። እግሩን ያሳረፈበት ቦታ ጣውላ አልነበረውም።

ፖሊሱ ስንወጣ «አቅም ከሌላችሁ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ይመድብላችኋል» አለን።

እማዬ መንገድ ላይ ቆም ብላ «ከሳሹም የመንግሥት፣ ጠበቃውም የመንግሥት። ማታ አንድ ቤት ገብተው ሊሳሳቁብን ነው?» አለች።

ሐሙስ 7

ፍርድ ቤት ውለን መጣን። ቶሎ ልጻፈው፣ የቤት ሥራ አለብኝ።

ተከላካይ ጠበቃዋ እየሮጠች መጣች። ፋይሎቿን የያዘችበት ፌስታል ጆሮው ተበጥሶ እንደ ሕፃን ታቅፈዋለች። ጋሼን «የብስክሌቱ ልጅ አንተ ነህ?» አለችው። ጋሼ አይደለሁም ማለት እንኳ አቃተው። አገላብጣ ሌላ ፋይል አወጣችና «ይቅርታ፣ የመወጣጫው» አለች። ዋስትና ጠየቀችለት። ዐቃቤ ሕጉ «ምስክሮቹ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፣ ያባብላቸዋል» አለ። ዳኛው ከለከሉ። እሷ ለጋሼ በጆሮው አንድ ነገር ነግራው ወደ ሌላ ችሎት ሮጠች።

አክስቴ ኮሪደሩ ላይ፣ «ፌስታል መያዝ ያቃታት ሴት ልጃችንን ልትይዝልን ነው?» አለች። ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጋሼን በካቴና ሲያወጡት አየሁት።

ዓርብ 8

ጠበቃ አገኘን!

ኮንትራክተሩ፣ የጋሼ አለቃ፣ ቤታችን ድረስ መጡ። እግሯ የሚንገዳገደው በርጩማችን ላይ ተቀምጠው፣ «ፉጨት የኔም ልጅ ነበር። የተረፈውንማ አናስበላም» አሉ። አብረዋቸው አንድ ጠበቃ ነበሩ። ግራጫ ሱፍ የለበሱ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው። ወጪውን ኩባንያው ይሸፍናል። እኛ ምንም።

«እማማ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት እንደ ልጅዎ ነው» አሏት ለእማዬ።

እማዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ቀድመው አነሷት። አክስቴ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ «አየሽ፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው። ሱፉን አይተሽዋል? የዚያችኛዋን ፌስታል መቶ ጊዜ ይገዛል» አለች።

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፉጨት ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐዘን ያልሆነ ለቅሶ ነው። ከዚያ ሦስት ዳቦ በላሁ።

እሑድ 10፣ ማታ

ጠበቃው ዛሬ ብቻቸውን መጡ። እማዬ ሻይ አቀረበችላቸው፤ አክስቴም ነበረች፣ ጎረቤቶችም ነበሩ። ሁሉም የሚያውቀውን ተናገረ። ከሁሉም የበለጠ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይት እየሄድኩ ቱቦ አቀብል ስለነበር ጋሼ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ጠበቃው ወደ እኔ ዞረው ወረቀት አወጡ። ትልቅ ሰው ስናገር እየጻፈ ሲያዳምጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እንዲህ አልኳቸው። ጋሼ ማስጠንቀቂያ አይጽፍም፣ ገመድ አይወጥርም። ግማሹ ሠራተኛ ማንበብ አይችልም፣ ገመዱንም እየዘለሉት ይገባሉ። እሱ የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መወጣጫው ደህና ካልሆነ መሰላሉን ያነሳዋል። ራሱ ተሸክሞ የዘበኛው ክፍል ያስገባዋል። መሰላል ከሌለ መውጫ የለም። መሰላል ከቆመ ጋሼ አይቶታል ማለት ነው፣ ማንም ሳይጠይቅ ይወጣል። ሳይቱ ሁሉ የሚሠራው በዚህ ነው።

ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን የኩባንያው ኢንጂነር የሦስተኛውን ፎቅ ጣውላ አስነስተው በሌላው በኩል ለአርማታ ማፍሰሻ አደረጉት። ጋሼ ተጣላቸው። ሲያቅተው መሰላሉን አንስቶ ለዘበኛው አስረከበ። ማታ ቤት ገብቶ እራት ላይ ሲነግረን ፉጨት አልነበረም፤ ጓደኞቹ ጋር አምሽቶ እኛ ከተኛን በኋላ ነው የገባው።

«ሲያስረክብ ማን አየ?» አሉኝ ጠበቃው።

«ዘበኛው ራሳቸው።»

ያኔ ለማንም ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። በቀብሩ ቀን ሽማግሌው ዘበኛ ወደ ጥግ ስበው እጄን ይዘው አልቅሰዋል። «ጠዋት ትልቁ ወንድምህ ቱቦ ሊያመጣ መጋዘን ሄዶ ሳለ፣ ኢንጂነሩ ልስኑ ዘገየ ብሎ መሰላሉን አምጣ አለኝ። ሰጠሁት። ምን አውቄ» ብለውኛል።

ጠበቃው መጻፍ አቆሙ። «ይህን ለሌላ ሰው ተናግረዋል?»

«አይመስለኝም። ፈርተዋል።»

«የት ነው የሚኖሩት?»

ቤታቸውን ነገርኳቸው፤ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር። ጠበቃው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ብልህ ልጅ ነህ። ሕግ ተማር» አሉኝ። በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን ለወንድምህ እንዳትነግረው። እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ሐሳብ ይበዛበታል፣ ይረበሻል። ጊዜው ሲደርስ እኔው እነግረዋለሁ» አሉኝ።

ሕግ ብማርስ? ፉጨት ይህን ቢሰማ «አንተ ክቡር ትንሹ!» እያለ አንድ ሳምንት ይቀልድብኝ ነበር።

ረቡዕ 13

ጋሼን ማረፊያ ቤት ሄደን አየነው። በእኛና በእነሱ መሃል ሁለት የሽቦ አጥር አለ፤ በአጥሮቹ መሃል ፖሊስ ይመላለሳል። ሁሉም ይጮሃል። አጠገባችን አንዲት ሴት ባሏን «የሳጥኑን ቁልፍ የት ነው የደበቅከው?» ብላ ጮኸችበት። እሱም «ቀስ በይ! እዚህ ያለው ሌባ ሁሉ እየሰማሽ ነው!» አላት። በሁለቱም በኩል ያለ ሰው ሳቀ። ጋሼም ሊስቅ ነበር፣ ከዚያ ተወው።

ከስቷል። አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል።

«ጠበቃው ጥሩ ሰው ናቸው» አለን። «ካመንኩ በገደብ እንደምወጣ ነግረውኛል።»

«ምኑን ነው የምታምነው?» አልኩት።

«መሰላሉን ማንሳት ረሳሁ ብዬ።»

እማዬ «በገደብ ማለት ቤት ይመጣል ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ፊቷ በራ።

እኔ ግን አንስቶታል። እራት ላይ ነግሮናል። ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ሳለ የጠበቃው ቃል ትዝ አለኝና ዘጋሁት። እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

ዓርብ 15፣ ክፍል ውስጥ

የኬሚስትሪ ፈተና። ከአምስቱ ጥያቄ ሁለቱን ሠራሁ። ኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ፣ ቀልደኛ ነኝ ባዩ፣ «አንተ ግን የማን ወገን ነህ? የሟች ነህ የገዳይ?» አለኝ። ሁሉም መልሴን ጠበቀ። ወንበሬን አነሳሁ። የክፍል ኃላፊያችን ደርሰው ያዙኝ። አልቀጡኝም። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ አለመቀጣቴ።

ሰኞ 18

ሽማግሌውን ዘበኛ ሰላም ልላቸው ዳቦ ቤቱ ጋ ሄጄ ነበር። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። የዳቦ ቤቱ ልጅ ኩባንያው ሩቅ ያለ አዲስ ሳይት አዛውሯቸዋል አለኝ፣ ደሞዝ ጨምሮላቸው፣ ቤትም ሰጥቷቸው። ጥሩ ነው። በዚያ ዕድሜያቸው ብርድ ላይ ከሚያድሩ።

ጠበቃው አግኝተዋቸው ይሆናል፣ ሳይሄዱ በፊት። አግኝተዋቸዋል።

ረቡዕ 20

ጠበቃው መጥተው ነበር። ስለ ዘበኛው ጠየቅኋቸው። «እሱን ለኔ ተወው» አሉኝ። ስለ ኢንጂነሩ ጠየቅኋቸው። «ዳኛ ሰበብ የሚያበዛ ሰው አይወድም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ የሚለውን ነው የሚወደው» አሉ። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ነቀነቅሁ። ትክክል ናቸው። የክፍል ኃላፊያችንም እንደዚያው ናቸው፤ ሰበብ ስታበዛ ነው የሚናደዱት።

የሚመጣው ሳምንት ካለቀ በኋላ ባለው ሰኞ ቀጠሮ አለ። እማዬ የጋሼን አንሶላ አጥባለች። የፉጨት ፍራሽ ተጠቅልሎ ግድግዳው ጥግ ቆሟል። ማታ ማታ ሰው ተደግፎ የቆመ ይመስለኛል።

ቅዳሜ 23

የፉጨትን ዕቃ ላመጣ ሳይት ሄድኩ። ቱታው፣ የልስን ማንኪያው፣ አንድ እግር ካልሲ። ሲሚንቶ የሚያቦካው ጓደኛው ከውኃ በርሚሉ ጀርባ ሆኖ ጠራኝ።

«ጠበቃችሁ ትናንት እዚህ ነበር።»

«ምስክር እየፈለጉልን ይሆናል» አልኩት።

«ለማን?»

«ለጋሼ ነዋ።»

ዙሪያውን ተመለከተ። «ስማኝ ትንሹ። ከኢንጂነሩ ጋር ቢሮ ተቀምጠው አንድ በአንድ አስገቡን። መሰላሉ ከማታ ጀምሮ እዚያው ቆሞ ነበር፣ ፎርማኑ አላነሳውም ብለን ፈረምን። እኔም ፈርሜያለሁ።»

«አንተ? አንተ እኮ የፉጨት...»

«ልጆች አሉኝ!» አለ፣ እንደ ቁጣም እንደ ልመናም። «እዚህ አላየኸኝም። ሂድ አሁን፣ ሂድ።»

እሑድ 24

አልተኛሁም።

ጠበቃው የጋሼ ከሆነ ለምን በጋሼ ላይ ያስፈርማል።

ምናልባት ልጁ አልገባው ይሆናል። ሲሚንቶ አቡኪ ነው፣ ምን ያውቃል።

ዘበኛው። እኔ ከተናገርኩ በኋላ ባለው ሳምንት። አይ። ሽማግሌ ናቸው፣ ራሳቸው ጠይቀው ሊሆን ይችላል።

ለእማዬ ነገርኳት። አልሰማችኝም። «የሰው ደግነት አትርገጥ! በነፃ ነው የቆመልን። ልጅሽን ቤት አመጣልሻለሁ ብሎኛል» አለች። አክስቴም «ይሄ ልጅ ሐዘኑ ራሱ ላይ ወጥቶበታል» አለች፣ እኔ የሌለሁ ይመስል።

ሰውዬው ትከሻዬን የመታበት ቦታ ይበላኛል። አንድ ነገር ከነገርኩት ጀምሮ ነው እንዴ...

ይህን መስመር እዚህ ልተወው።

ሰኞ 25

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ፍርድ ቤት ሄጄ ተከላካይ ጠበቃዋን ፈለግሁ። ከችሎት ችሎት ስትሮጥ ከኋላዋ ሮጥኩ። በመጨረሻ ደረጃ ሥር ቆማ ደረቅ ዳቦ ስትበላ አገኘኋት። «የመወጣጫው ልጅ ወንድም ነህ» አለችኝ፣ አንዴ አይታኝ።

«ጋሼን እርስዎ ይያዙልን።»

«የግል ጠበቃ አቁማችኋል። ፋይሉን አስረክቤያለሁ።»

«እሱ የኛ አይደለም መሰለኝ።»

«ማን ነው የሚከፍለው?»

«ኩባንያው።»

ማላመጧን አቆመች። «ወንድምህ ነፃ ቢወጣ ጥፋቱ ማን ላይ ይሄዳል?»

አሰብኩ። «ኢንጂነሩ ላይ። ኩባንያው ላይ።»

«በል፣ ራስህ መለስከው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች፣ ፌስታሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። አሁኑኑ ሄዳ ሰውዬውን እንድታስነሳው ለመንኳት። ራሷን ነቀነቀች። «እኔ አልችልም። አንተም አትችልም፣ እናትህም አትችልም። ጠበቃ የሚሽረው ተከሳሹ ራሱ ነው። ቆሞ ለዳኛው ይህን ጠበቃ አልፈልግም ማለት አለበት። እሱም ቃሉን ሳይሰጥ በፊት። አንዴ አምኛለሁ ካለ በኋላ ያንን መመለስ የወንዝ ውኃ እንደ መመለስ ነው።»

ከዚያ ለሰውዬው ምን ምን እንደነገርነው ጠየቀችኝ። ስለ ጣውላው፣ ስለ ጠቡ፣ ስለ መሰላሉ ነገርኳት።

«ሲያስረክብ ያየ ሰው አለ?»

«የለም» አልኳት።

ለምን የለም እንዳልኩ አላውቅም። ቤት ድረስ በእግሬ መጣሁ።

ማክሰኞ 26

ተመልሼ ሄድኩ። ተከላካይ ጠበቃዋን ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ጠበቅኋቸው። «አንድ ሰው አለ» አልኳቸው። ስለ ዘበኛው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በቀብሩ ቀን ያሉትንም።

ጻፉ። ቀና ሳይሉ «ያ ጠበቃ ይህን ያውቃል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። የብዕራቸውን ክዳን ገጠሙ። «መጥሪያ እናወጣላቸዋለን። ይመጣሉ ብዬ ግን ቃል አልገባልህም። መጥተውም እውነቱን ይናገራሉ ብዬ ቃል አልገባልህም። የሚበሉት ከዚያ ነው።» ከዚያ፣ «ትምህርትህ እንዴት ነው?» አሉኝ። ከሁሉም ይህቺ ጥያቄ ናት ያስለቀሰችኝ፣ በሰው ፊት።

ይህን ሁሉ ጊዜ በፌስታላቸው ስንስቅ ነበር።

ሐሙስ 28፣ ማታ

የመጠየቂያ ቀን። ከቀጠሮው በፊት የመጨረሻው። እማዬን አሟት ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ። ወይም ያመማት አስመስላ እኔን ብቻዬን ላከችኝ፤ ከእሑድ ጀምሮ ፊት ለፊት አታየኝም።

ሽቦው ላይ ተጋፍቼ ቦታ ያዝኩ። ጋሼ ጢሙን ተላጭቷል። «ሰኞ ቤት ነኝ!» አለኝ ገና ሲያየኝ።

«ጠበቃውን እንቢ በለው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን?»

«ሰውዬውን! የኩባንያው ነው! ሠራተኞቹን ባንተ ላይ አስፈርሟቸዋል!»

«አውቃለሁ» አለ።

መስማቴን ተጠራጠርኩ። «ታውቃለህ?»

«እንዳመንኩ ስለሚያውቁ ነው። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። አንተ ትንሽ ልጅ ነህ፣ ተወኝ።»

«መሰላሉን አንስተሃል እኮ!»

«ዝም በል!»

«አንስተኸዋል! ለዘበኛው ሰጥተሃል! ለምን ረሳሁ ትላለህ?»

ያን ጊዜ ጋሼ ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። ጋሼ ሲቆጣኝ አውቃለሁ፤ ይሄ ቁጣ አልነበረም። «አንስቻለሁ ካልኩ፣ ማን መለሰው ይሉኛል። ማን ልበላቸው? ከኔ ሌላ መሰላል የሚነካ ማን አለ? ልጁ ራሱ ነው ልበል? ወንድሜን አፈር ውስጥ ተኝቶ ባለበት ጥፋተኛ ላድርገው? እማዬ ይህን ትስማ? እኔ ልሸከመው፣ ለኔ ይቀለኛል።»

እንዲህ ነበር የሚያስበው። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ፉጨት የልስን ማንኪያውን ፎቅ ላይ ረስቶ፣ ወይ ተንኮል ብሎ፣ መሰላሉን ሰርቆ ያቆመ ይመስለው ነበር። ሌላ ነገር ማንም አልነገረውም። ጊዜው ሲደርስ እነግረዋለሁ ያለው ሰውዬ አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም።

«ፉጨት አይደለም!» አልኩት። አጠገቤ ያለው ሰው ጆሮውን እያሻሸ ዞር አለልኝ። «ኢንጂነሩ ነው! አንተ መጋዘን ስትሄድ ዘበኛውን አምጣ ብሎ ያስቆመው ኢንጂነሩ ነው! ፉጨት ቆሞ ነው ያገኘው!»

አጥሮቹ መሃል ያለው ፖሊስ አልፎ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ።

«ማን ነገረህ?»

«ዘበኛው። በቀብሩ ቀን።»

«ጠበቃው ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«እና ዘበኛው አሁን የት ነው?»

ሌላ ሳይት መዛወሩን ነገርኩት። የቀረውን አላልኩም። እሱም የቀረውን አልጠየቀኝም፤ ግን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ግንባሩን ሽቦው ላይ ደገፈ።

«እንግዲያው መሰላሉን አይቶ ነው የወጣው» አለ። ድምፁ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንዴት እንደተሰማኝ አላውቅም። «እኔ ያቆምኩት መስሎት። እኔን አምኖ።»

ፉጨት ጥፋተኛ አለመሆኑን ሲሰማ ቀለል ይለዋል ብዬ ነበር። እንዴት ያለሁ ደንቆሮ ነኝ። ጣቶቹ በሽቦው ቀዳዳ ወጥተው ወደ እኔ ተዘርግተው ነበር፣ በመሃሉ ግን ሌላ ሽቦ አለ። ፖሊሱ የማብቂያውን ደወል ደወለ። «ሰኞ እንቢ ትላለህ?» ብዬ ጮህኩ። «ተከላካይ ጠበቃዋ ይጠብቁሃል! ቃልህን ሳትሰጥ በፊት በል!» ጋሼ ከሌሎቹ ጋር እየተገፋ ገባ።

እሑድ 1

እማዬ የጋሼን አልጋ አነጠፈች። ትራሱን ሁለት ጊዜ ገለበጠችው። «ነገ ልጄ ካልመጣ ባንተ ነው» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ነገ አምኛለሁ ቢል ይፈቱታል። ምናልባት። በወንድሙ ሞት ተፈርዶበት ቤት ይገባል፣ አልጋው ላይ ይተኛል፣ እማዬ ትድናለች። እንቢ ቢል እዚያው ይቀራል፣ እስከ መቼ አይታወቅም፣ ዘበኛው ላይመጡ ይችላሉ፣ መጨረሻው የባሰ ሊሆን ይችላል። እኔ ማን ነኝና ነው? ከአምስት ጥያቄ ሁለት የሠራሁ ልጅ።

ባልነገርኩትስ። ዝም ብዬ ቢሆንስ። ግን ዝም ማለቱንም ሞክሬዋለሁ።

ሰኞ 2

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ሰውዬው በዚያው ግራጫ ሱፉ መጥቶ ለእማዬ አንገቱን ሰበረላት፣ እኔንም «እንዴት ነህ የሕግ ሰው» አለኝ። ኢንጂነሩ ኋላ ወንበር ላይ ነበር። ተከላካይ ጠበቃዋ አልነበሩም። በር በሩን አየሁ። አልነበሩም።

ጋሼን አስገቡት። ማንንም አላየም። ዳኛው ክሱን አነበቡ። የፉጨት ትክክለኛ ስም ሲነበብ እማዬ ክንዴን ጨበጠች፣ እኔ መሆኔን የረሳች ይመስለኛል። ሰውዬው ተነስቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱ እንዲቀልለት...» ማለት ሲጀምር፣ ጋሼ አቋረጠው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህን ጠበቃ አልፈልግም።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን አልክ?»

«እኔ ጥፋተኛ ብባል የሚጠቀም ሰው ነው የላከልኝ። ደሞዙንም የሚከፍለው እሱ ነው። መንግሥት ያቆመልኝ ሴትዮ ይመለሱልኝ። ከሳቸው ጋር ሳልነጋገር ቃል አልሰጥም።»

ሰውዬው ፈገግ አለ። «ደንበኛዬ ከባድ ሐዘን ላይ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። አጠገቡ ያለ ልጅ...» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ዳኛው ግን ጋሼን ነበር የሚያዩት። «ሐዘንተኛ ነህ ይላል። የምትናገረውን ታውቃለህ?»

«ዛሬ ነው ያወቅሁት» አለ ጋሼ።

ዳኛው ጻፉ። ረጅም ጻፉ። ጠበቃው እንዲነሳ፣ ተከላካይ ጠበቃዋ እንዲመለሱ። ቀጠሮው ለሌላ ወር፣ ለዚያውም ፈተናዬ ካለፈ በኋላ። ተከሳሹ እስከዚያ ባለበት ይቆይ።

ባለበት ይቆይ ሲሉ ከእማዬ የወጣውን ዓይነት ድምፅ ከዚህ በፊት የሰማሁት በቀብሩ ቀን ብቻ ነው። ክንዴን ለቀቀችው። አክስቴ ይዛት ወጣች። ኢንጂነሩ ከሁሉ ቀድሞ ሄዷል።

ተከላካይ ጠበቃዋ ከጎን ችሎት ተጠርተው እየሮጡ መጡ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው። የእስረኞቹ መኪና እስኪነሳ ድረስ ብቻ ከጋሼ ጋር እንዲነጋገሩ ተፈቀደ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የተሰበረ ወንበር የሚከማችባት አንዲት ክፍል አለች። ጋሼን ወደዚያ ሲያስገቡት እኔም ተከተልኩ፣ እማዬም ከአክስቴ እጅ አምልጣ ተከተለች። የምነግራቸው ብዙ ነበረኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳስታውሰው ነው ያደርኩት።

ተከላካይ ጠበቃዋ በሩ ላይ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። «ቤተሰብ ውጪ ይጠብቅ።»

«እናቱ ነኝ እኮ!» አለች እማዬ።

«እናቱም፣ ወንድሙም። ከዚህ ወዲያ የሚነገረው የእሱና የእኔ ብቻ ነው። ለማንም አይወጣም፣ ለእናንተም ጭምር።» ለእኔ ደግሞ፣ «አንተን ስፈልግ እጠራሃለሁ» አሉኝ። በሩን ዘጉት።

እንደዚያኛው ጠበቃ ሻይ አልጠጡም፣ በጎረቤት ፊት አልጠየቁም። ዘጉት፣ በቃ።

ቆምን። ፖሊሱ በሩን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል። እታች የመኪናው ሞተር ተነስቷል። ጋሼ ውስጥ ምን እንደሚል አላውቅም። ሴትዮዋ ያስፈቱት አያስፈቱት አላውቅም። ዘበኛው ይመጡ አይመጡ አላውቅም። እማዬ ዛሬ ማታ ያንን አልጋ ስታይ ምን እንደምትሆን ግን አውቃለሁ።

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ እማዬ። ከጠዋት ጀምሮ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። ከዚያ መልሼ አነሳሁት።

«አይሰማም» አልኳት፣ ክንዷንም ይዤ ከበሩ ራቅ አደረግኋት።